ዛፉ የማን ነው? መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት

ሞላሌ ላይ ባሕር ዛፍ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ባንክ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ፣ ደብረ ብርሃን ለሚማረው ልጅ የቤት ኪራይ ሲላክ፣ አባወራው መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ነው። ነጋዴው ይመጣል፣ በቁሙ ይገምታል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ከዚያ ዛፉ ይቆረጣል። እስከዚህ ድረስ ብዙም ጭቅጭቅ የለም።

ጭቅጭቁ የሚመጣው መጥረቢያው ከባሕር ዛፉ አልፎ ሲሄድ ነው። ድንበር ላይ ያለው አሮጌ ጥድ አለ። ምንጩ አጠገብ ያለው ወይራ አለ። ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ ላይ ያለው ቁጥቋጦ አለ። ከመንገዱ ዳር የቆመውም አለ። አንዱ "የእኔ ነው" ይላል፣ ሌላው "የሕዝብ ነው" ይላል፣ ሦስተኛው "የደብሩ ነው" ይላል። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት።

ስለዚህ ዛሬ ቀላል የሚመስለውን ጥያቄ እንፍታው። ዛፍ መቁረጥ የሚቻለው መቼ ነው? ማንን ነው የሚጠየቀው? ሕጉስ ምን ይላል? ከሕጉ በፊት የመንዝ ሰው በምን ይተዳደር ነበር? ይሄ የጠበቃ ምክር አይደለም፤ ግን ከአባታችሁ ጋርም ሆነ ከቀበሌው ጋር ስታወሩ መሠረቱን አውቃችሁ እንድታወሩ ነው።

መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ ዛፉስ?

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።

ብዙ ሰው የማያውቀው ያው አንቀጽ ወረድ ብሎ የሚለውን ነው። ንዑስ አንቀጽ 7 እንደሚለው ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ባፈራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ቋሚ ማሻሻያ ላይ ሙሉ መብት አለው። መሸጥ ይችላል፣ ማውረስ ይችላል። የመሬቱ መጠቀሚያ መብቱ ሲያልቅ ንብረቱን መንቀል ወይም ካሳ መጠየቅ ይችላል።

በእኛ ቋንቋ ስንተረጉመው፦ መሬቱን መሸጥ አትችሉም፤ በይዞታችሁ ላይ የተከላችሁት ባሕር ዛፍ ግን የእናንተ ነው። ላባችሁ ነው።

ይሄ በተለይ መንገድ ሲሰራ ወይም ለልማት ተብሎ መሬት ሲወሰድ ዋጋ አለው። የካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ነው ይላል። ዛፍም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ "ሊነሳ ነው" የሚል ወሬ ስትሰሙ ተሯሩጣችሁ አትቁረጡት። ቆጠራ ሲመጣ ቆሞ የሚቆጠር ዛፍና መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ እኩል አይደሉም። ቆጠራው ሲካሄድ ተገኙ፣ ስንት እንደተጻፈ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ስልኩ ለዚህም ይሆናል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለን።

አንደኛው፦ "የእናንተ" ማለት የማን ነው? በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ነው የሚሰፍረው። አባት እናትን ሳይጠይቅ፣ ልጅ ሁለቱንም ሳይጠይቅ በቁሙ የሸጠው ባሕር ዛፍ ስንት ቤት እንዳናጋ እናንተው ታውቃላችሁ። ለጉዞ ገንዘብ ፈልጎ የአባቱን ዛፍ ከነጋዴ ጋር ተደራድሮ የጨረሰ ልጅ፣ የሸጠው የራሱን ሳይሆን የቤተሰቡን ጥሪት ነው።

ሁለተኛው፦ አንቀጹ የሚናገረው በጉልበትና በገንዘብ ስለተገኘ ነገር ነው። ማንም ሳይተክለው በቅሎ፣ አያት ቅድመ አያት እያየው ያደገ አሮጌ ጥድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ "ይዞታዬ ላይ ስላለ የእኔ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም። ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደርና ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ መጠየቅ ከጣጣ ያድናል።

አንድ ዛፍ ደን ነው?

አይደለም። ይሄም የሚያምታታ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2015 የያዘችው የደን ትርጉም ሦስት መለኪያ አለው። ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቅጠሉ መሬቱን የሚሸፍነው ቢያንስ 20 በመቶ። ግማሽ ሄክታር በእኛ አገር ልክ ሁለት ጥማድ ገደማ ነው። እና አጥር ዳር ያሉት አስር ባሕር ዛፎች ደን አይደሉም።

ታዲያ የአገሪቱ ሕግ በዋናነት የተጻፈው ስለ ደን ነው፤ ስለ አንድ ዛፍ አይደለም። ሌላ አገር እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢው ምክር ቤት አንድን ዛፍ ለብቻው ለይቶ የጥበቃ ትእዛዝ ሊያወጣለት ይችላል። ትእዛዝ ከወጣለት በኋላ ዛፉ በግቢህ ያለ፣ አንተው የተከልከው ቢሆንም ሳታስፈቅድ ቅርንጫፉን እንኳ መቁረጥ አትችልም። ባሕር ዳርቻ ያሉ ብዙ ከተሞችም ነፋስና አሸዋ የሚመክትላቸው ዛፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ደንብ አላቸው።

መንዝ ነፋስ አያጣም፤ ውርጩም አለ። አንድን ዛፍ ለይቶ የሚጠብቀው ግን ባብዛኛው ወረቀት ሳይሆን ይሉኝታ፣ ወግና ሃይማኖት ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ሕጉ በስም የሚያውቃቸው ዛፎች

በኢትዮጵያ የደን ሕግ ታሪክ ውስጥ አራት አገር በቀል ዛፎች ተለይተው ይጠቀሳሉ፦ ጥድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ እና ዋንዛ። ከ1986ቱ የደን አዋጅ ጀምሮ እነዚህን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ተከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨታቸው ጥሩ ነው፣ ገበያ ይፈልጋቸዋል፣ የሚቀሩት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

እነዚህን ከባሕር ዛፍ የሚለያቸው ሌላም ነገር አለ። እሱን ካወቃችሁ የሕጉን ልብ ታገኙታላችሁ።

ባሕር ዛፍ ስትቆርጡት አይሞትም። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ማገር፣ ከዚያ አጣና ይሆናል። አንዴ ተክለው ደጋግመው የሚያጭዱት ሰብል ማለት ነው። ወይራም ጉቶው ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው።

ጥድ (የሐበሻው ጥድ ማለታችን ነው፣ አንዳንዱ ጽድ ይለዋል) እንዲህ አይደለም። ከግንዱ ከተቆረጠ አለቀ። ጉቶው አይበቅልም። ምትኩ ከዘር መነሳት አለበት፤ ችግኙ ውርጩንና የከብቱን አፍ ማምለጥ አለበት፤ ከዚያ ለምሰሶ የሚሆን ግንድ እስኪያወጣ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። ዛሬ የሚቆርጠው ሰው ምትኩን ላያየው ይችላል።

ስለዚህ "ያም ዛፍ ይሄም ዛፍ" የሚለው ክርክር አይሠራም። ባሕር ዛፍ ስትቆርጡ ወለዱን ነው የምትወስዱት። ጥድ ስትቆርጡ ግን ዋናውን ነው።

ባሕር ዛፍ ጠላት ነው ወዳጅ?

ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ እኛ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። አዲሲቱ ዋና ከተማ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን እንጨት ጨርሳ ማገዶ ያጣችበት ጊዜ ነበር። በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አወጣት ይባላል። ከዚያ ወደ ሸዋ ደጋ ሁሉ ተዛመተ።

ወቀሳው የታወቀ ነው። ውኃ ይመጣል፣ ሥሩና ጥላው አጠገቡ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል። ምንጭ አጠገብ ከተተከለ ምንጩን ያዳክማል ተብሎ ይፈራል። ትግራይ ክልል በፈረንጆቹ 1997 በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከልን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በጎረቤታሞች መካከልም "ድንበሬ ላይ ተከልክብኝ፣ ገብሴን አቀጨጨብኝ" የሚለው ክስ አዲስ አይደለም።

ግን ሌላኛውንም ወገን እንየው። መንዝ ላይ ዛፍ የሌለው ቤት ምን ያነዳል? ኩበት። ኩበት ሲነድ ደግሞ ወደ እርሻው መመለስ የነበረበት ፍግ ነው በጭስ የሚወጣው። መሬቱ ይራባል፣ ገብሱ ይሳሳል፣ ማዳበሪያ መግዛት ግድ ይሆናል። ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ኩበቱን ከምድጃ አስጥሎ ወደ ማሳ እንዲመለስ ካደረገ ጥቅሙ ከእንጨት ሽያጩም ይበልጣል። በዚያ ላይ ማገዶና አጣና የሚገኘው ከባሕር ዛፉ ከሆነ፣ ተራራው ላይ የቀረውን ጥድና አስታ ሰው አይነካውም።

ስለዚህ ጥያቄው "ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል" አይደለም። "የት ይተከል" ነው። ከምንጭ ራቅ፣ ከጎረቤት ማሳ ራቅ፣ ለእርሻ ከማይሆነው ገደላማና ሸንተረር ላይ። ይሄን ማንም አዋጅ ሳይነግራቸው የሚያውቁ ገበሬዎች በየቀበሌው አሉ። ጠይቋቸው።

ከሕጉ በፊት የነበረው ሕግ፦ ቀሮ

አሁን ወደ ጓሳ እንሂድ። ከሞላሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከመሐል ሜዳ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳና ተራራ አለ። ከላዩ ጓሳ ሣር፣ አስታ፣ ጅብራ ይበቅልበታል። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ አለበት፤ ጭላዳም አለ። ከዚያ የሚነሱት ውኆች ግማሾቹ ወደ ዓባይ፣ ግማሾቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ሰው በቅርቡ ባለበት፣ ማገዶ ብርቅ በሆነበት፣ የቤት ክዳን ከሣር በሆነበት አገር ይሄ ቦታ እንዴት ሳይራቆት ቀረ?

መልሱ ቀሮ ይባላል።

ታሪኩ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደናል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን በአጽመ ርስት እንደያዙት ይነገራል፤ ጓሳም በሁለቱ ስም ለሁለት ተከፈለ። ተጠቃሚው የእነሱ ተወላጅ ነው። እያንዳንዱ ወገን አባ ቀራ ወይም አፈሮ የሚባል መሪ ይመርጣል። መሪው የሚመረጠው ተጠቃሚው ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጓሳ ይዘጋል። የሚዘጋው ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ክረምት አይደለም፤ አንዳንዴ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ የለም፣ ማገዶ መልቀም የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ዘቡ ደግሞ ደሞዝተኛ አልነበረም፤ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቃል። ደንቡን የጣሰ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ከባድ ነበር።

ሣሩ ሲደርስ መሪው ቀኑን ይቆርጣል። ጊዜው በጋው የሚበረታበት፣ የካቲት መጋቢት አካባቢ ነው። አዋጁ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቦታ ይነገራል። በተቆረጠው ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። አጨዳው ሲያልቅ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሰውም ከብትም ይወጣና እንደገና ይዘጋል።

ልብ በሉ፤ ቀሮ "አትንኩ" አላለም። "ጊዜው ሲደርስ አብረን እንቁረጥ" ነው ያለው። ክልከላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በሌሊት ይገባ ነበር። የሚከፈትበት ቀን እንዳለ፣ ያን ቀን የእሱም ድርሻ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ግን ዛሬ የሚሰርቀውን ጎረቤቱን ዝም አይለውም። የተሰረቀው ከእሱ ነዋ።

ፈረሰ፣ ከዚያስ?

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ያንን ማንም አይክድም። ጓሳ ላይ ግን ሌላ ነገር ተከተለ። የቀሮ መሠረቱ አጽመ ርስት ስለነበር ርስቱ ሲሻር መሪውም፣ ዘቡም፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀንም አብረው ተሻሩ። "የሁላችንም" የተባለው "የማንም" ሆነ። ማን ይከልክል? ማንስ ይፍቀድ? ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሰውም ከብትም ገባበት።

ደስ የሚለው፣ ታሪኩ እዚያ አልቆመም። ዙሪያውን ያሉት ቀበሌዎች ነዋሪዎች በኮሚቴ ተደራጁ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጠባቂ አቆሙ። መብቱ እንደ ድሮው በዘር ሐረግ ብቻ ሳይሆን ለቀበሌው ነዋሪ ሆነ። በፈረንጆቹ 2012 ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት በደንብ አውቆት ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተባለ። ዛሬ እንግዳ የሚያርፍበት የማኅበረሰቡ ሎጅ አለው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሕግ ተለውጦ አሠራሩ ሲፈርስ ጓሳ ተጎዳ። አሠራሩ ሲመለስ፣ ከዚያም ሕግ ሲደግፈው ጓሳ አገገመ። ወረቀት ብቻውን አልጠበቀውም፤ ወረቀት የሌለው ስምምነትም ለሁልጊዜ አልቆመም።

የታቦቱ ዛፍ

መንዝ ላይ ራቁቱን ከቀረ ኮረብታ ላይ ድንገት ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ካያችሁ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ደብር አለ። ጥዱም ወይራውም ኮሶውም እዚያ ነው። ደን ጠባቂ አልተመደበለትም፤ "የታቦቱ ነው" መባሉ ይበቃዋል።

በአማራ ክልል እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በብዛት የተጠኑት ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ሆነው የሠሩት ሥራ በዓለም ታውቋል። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው ያወጣል፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። ካቡ ከብቱን ሲያስቀር ወድቆ የነበረው ዘር መብቀል ይጀምራል።

ድንጋይና ካብ ለመንዝ ሰው ማስተማር አይጠበቅብንም። ድንጋይ መካብ የእኛው ሙያ ነው።

ጥንትም ቢሆን የሸዋ ጥድ ዘር ሰጪ ነበር። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ የመናገሻ ተራራ ሲለማ ችግኙ የመጣው ከደብረ ሲናና አንኮበር አካባቢ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ነው ተብሎ ይተረካል። ከአዲስ አበባ ምዕራብ የምታዩት የመናገሻ ሱባ ደን ሥሩ ሰሜን ሸዋ ነው ማለት ነው።

ግን እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ "ለታቦቱ ሥራ ነው" ተብሎ የሚቆረጠው ጥድም ጥድ ነው። ጉቶው ለታቦቱ ሲባል አያቆጠቁጥም። ከመቆረጡ በፊት በሰበካ ጉባኤው መወሰኑን፣ ስንት ዛፍ እንደሆነና በምትኩ ስንት እንደሚተከል መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የምእመን ድርሻ ነው።

አዋጅ አላነሰንም

የሕግ እጥረት ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። በፈረንጆቹ 1965 በጃንሆይ ዘመን በአንዴ ሦስት የደን አዋጆች ወጡ፦ ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደን፣ ስለ ጥብቅ ደን። ደርግ አዋጅ ቁጥር 192/1972ን አወጣ። ከዚያ 94/1986 መጣ፣ ከዚያ 542/1999፣ አሁን ደግሞ 1065/2010።

የ1999ኙ አዋጅ ቅጣቱን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። ከመንግሥት ደን ያለፈቃድ ዛፍ የቆረጠ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ብር፤ ደን ላይ እሳት የለቀቀ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። በ2010 የተተካው አዋጅም ነገሩን ወንጀል ከመሆን አላወጣውም።

የ2010ሩ አዋጅ ለእናንተ የሚጠቅም ነገርም አለው። አራት ዓይነት የደን ባለቤትነት ያውቃል፦ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት። ተደራጅታችሁ የተራቆተ ቦታ ተቀብላችሁ ደን ብታለሙ በሕግ ባለቤት መሆን ትችላላችሁ ማለት ነው። ሥራ ፍለጋ ከተማ ለከተማ ለሚዞር ወጣት ይሄ ችላ የሚባል አንቀጽ አይደለም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ እንሰማለን። መትከሉ ጥሩ ነው። ግን ችግኝ የሚተከለው በአንድ ቀን ነው፤ የሚጠበቀው በየቀኑ ነው። የተተከለው ችግኝ ከብት ሲገባበት የሚያስወጣው ማን ነው? አድጎ ሲደርስ የሚቆርጠው ማን ነው? ገንዘቡስ ወደ ማን ይሄዳል? መልስ የሌለው ችግኝ ባለቤት የሌለው ችግኝ ነው። የቀሮ ሰዎች መጀመሪያ የሚመልሱት ይሄን ነበር።

እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?

መጥረቢያ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

1. የማን ነው? በይዞታችሁ ላይ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ የተከለው ከሆነ የቤተሰቡ ነው፤ ደብተሩ ላይ ስማቸው ያለው ሁሉ ይስማማ። ድንበር ላይ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፣ ሽማግሌም ይኑርበት። መንገድ ዳር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግቢ ያለ ከሆነ የሕዝብ ነው፤ ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ አይነካም። የሌላን ሰው ዛፍ መቁረጥ ደግሞ የሰው ንብረት ማውደም ነው፤ የወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል።

2. ምን ዓይነት ዛፍ ነው? ባሕር ዛፍ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ጥድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ ወይም ሌላ አገር በቀል ከሆነ ቆም በሉ። የወረዳው ግብርና ባለሙያ ሳያየው አትንኩት።

3. የት ነው የቆመው? ምንጭ ራስ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ የተፋሰስ ሥራ ተሠርቶ በተከለለ ተራራ ላይ ከሆነ ዛፉ የያዘው አፈሩን ነው። እሱ ሲሄድ የሚከተለው ጎርፍ የእናንተን ማሳ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ከታች ያለውንም ነው። ጓሳ ወይም ሌላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚወስነው የማኅበረሰቡ ደንብ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። እንጨት ጭናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ከወረዳው ያዙ። ኬላ ላይ "የጓሮዬ ነው" ማለት ማስረጃ አይሆንም። ነጋዴው "እኔ እጨርሰዋለሁ" ቢል እንኳ ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩት። ችግር ሲመጣ እሱ መኪናውን ይዞ ይሄዳል፤ ስማችሁ ግን እዚህ ይቀራል።

ሕገወጥ ቆረጣ ካያችሁስ? ቀድማችሁ ከሰው ጋር አትጋጩ። መጥረቢያ ከያዘ ሰው ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ አትሟገቱ። ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ፣ ለቀበሌውና ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ፣ ሽማግሌዎችን ንገሩ። የሰው ፊት የሚያሳይ ቪዲዮ ለቆ መንጫጫት ዛፉን አያድነውም፤ ቂም ነው የሚተክለው።

በመጨረሻም የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ዛሬ ማታ አያታችሁን ወይም ሰፈር ውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰው "በእናንተ ጊዜ ይሄ ተራራ ምን ነበረበት? ማን ነበር የሚጠብቀው? መቼ ነበር የሚከፈተው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁን በስልካችሁ ቅዱት። የቀሮን ቀን ይቆርጡ የነበሩትን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እያነሱ ነው፤ እሱም እንደ ጥዱ ነው፣ ካለፈ ጉቶው አያቆጠቁጥም።